የካርሚኔ አስተርጓሚ

ሮማነወርቅ ስትቆጣ ድምጿን ከፍ አታደርግም። ንዴቷ በጨመረ ቁጥር ንግግሯ እየረጋ፣ ቃላቷ እየጠሩ ይሄዳሉ፤ የሚያውቋት ሰዎች የሚፈሯትም ያኔ ነው። ዳላስ፣ ሌክ ሃይላንድስ በሚባለው ሰፈር፣ ኦዴሊያ መንገድ ዳር ባለ አፓርታማ ግቢ እኔ ታች፣ እሷ ላይ እንኖር ነበር። መሥሪያ ቤታችንም አንድ ነው፤ አጠገባችን ባለችው ሪቻርድሰን ከተማ ውስጥ ለወደብና ለመርከብ የሚሆን ራዲዮ የሚሠራ ኩባንያ። ሁለታችንም ሰርኪት ቦርድ እንበይዳለን። ጠዋት ጠዋት በእሷ መኪና ነው የምንሄደው። በዚያ ዘመን ሴንትራል ኤክስፕረስዌይ የሚባለው አውራ ጎዳና ከዳር እስከ ዳር ተቆፍሮ ስለነበር መኪናችን ከሚሄድበት የሚቆምበት ይበዛል። ይህን ታሪክ ቁርጥራጭ ቁርጥራጩን የነገረችኝ እዚያው፣ በቁፋሮው መሃል ቆመን ነው።

ሮማን ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ሳለች ነበር ለቤት ሠራተኝነት ሮም የሄደችው። ፀጋዬን ያገኘችውም እዚያ ነው። ፀጋዬ የባሕር ኃይል ራዲዮ ኦፕሬተር ነበር፤ ምጽዋ ስትወድቅ በመርከብ የመን ገባ፣ ከየመን እንደምንም ጣሊያን ደረሰ። ስደተኞች ምሳ የሚበሉበት የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ተዋወቁ፤ ብዙም ሳይቆዩ ተጋቡ። ሰውየው ግን ከባሕር ርቆ መኖር አልሆነለትም። ሮምን ጥለው ወደ ደቡብ፣ የቦት ጫማ ቅርጽ ባላት በጣሊያን ተረከዝ ላይ ወዳለች አንዲት ትንሽ ወደብ ወረዱ። ከባሕሩ ማዶ ግሪኮች ናቸው።

በዚያች ወደብ ትልቁ ሰው ካርሚኔ ይባላል። ሆቴሉ የሱ ነው፤ ከዓሣ ጀልባዎቹ ግማሹ የሱ ናቸው፤ የወደቡም ማኅበር ሊቀመንበር እሱ ነው። ሮማን በሆቴሉ ክፍል ታጸዳለች። ፀጋዬ ከአንዱ ጀልባ ላይ መረብ ይጎትታል፤ የሥራ ፈቃድ ስለሌለው ስሙ የትም አልተመዘገበም።

ያን ጊዜ የአውሮፓ አገሮች ማኅበር ባሕር ለሚለያቸው ጎረቤት አውራጃዎች ገንዘብ መስጠት ጀምሮ ነበር። ኢንተርሬግ ይሉታል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ዓሣ አጥማጅ የጣሊያን ውሃ፣ የግሪክ ውሃ እያለ ለይቶ መረብ አይጥልም፤ ማዕበልም ሲመጣ ለሁለቱም ነው የሚመጣው። ስለዚህ ሁለቱ ዳርቻ አብረው ያቅዱ፣ አብረው ይፈርሙ፣ ገንዘቡን አብረው ይውሰዱ ነው ነገሩ። አንዱ ወገን አልፈርምም ካለ ሌላውም አያገኝም። የካርሚኔ ማኅበርና ከማዶው ደሴት ያለው የግሪኮቹ ማኅበር በመጀመሪያው ዙር ገንዘብ አንድ ፈጣን የነፍስ አድን ጀልባና ለሁለቱም ወገን ራዲዮ ገዙ። ጀልባዋ በካርሚኔ ወደብ ትቀመጣለች፤ ከማዶም ከወዲህም ጥሪ ሲመጣ ትሮጣለች። በምረቃው ቀን ሁለት ባንዲራ ተሰቀለ፣ ቄስ ባረከ፣ ማርሽ ተመታ።

ፀጋዬ ያን ቀን ካርሚኔ ዘንድ ሄዶ፣ “ራዲዮው ላይ ልሥራ። ሥራዬ ነው፤ ማታ ማታ በነጻም ቢሆን” አለው።

ካርሚኔ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ ሳቀና፣ “መጀመሪያ ወረቀትህን” አለው።

በፈረንጆቹ 1993 የካቲት ላይ አንድ ቀን ሮማን ሆቴሉ ውስጥ ነጫጭ የጠረጴዛ ልብስ ስትተኩስ አረፈደች። የካርሚኔ ልጅ ቀለበት የምታስርበት ቀን ነበር፤ ግብዣው ከወደቡ ራቅ ያለ ባሕረ ሰላጤ ዳር ነው። የተኮሰችውን ጨርቅ አጣጥፋ፣ ወደቡ ድረስ ወስዳ፣ ለእንግዶቹ ማመላለሻ በተዘጋጀችው ጀልባ ላይ በገዛ እጇ ጫነች። ጀልባዋ ያቺው የነፍስ አድኗ ነበረች።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሣ። እነፀጋዬ ክፍት ባሕር ላይ ሳሉ ሞተራቸው ቆመ። በራዲዮ ተጣሩ። የደረሰላቸው አልነበረም። በማግሥቱ አብረውት የነበሩ የሁለት ጣሊያኖች ሬሳ ወጣ፤ ከተማው ሱቁን ዘግቶ ቀበራቸው። ፀጋዬን የጠየቀም ያነሣም የለም።

ሮማን ካርሚኔ ቢሮ ገባች። “ሲኞር፣ ባሌስ?” አለችው።

“የትኛው ባልሽ?” አላት፤ ከወንበሩ አልተነሣም። “በዚያች ጀልባ ላይ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ሁለቱንም ቀብረናል። ወረቀት የሌለው ሰው አይሰጥምም።”

በዚያው ሳምንት ከሥራ አስወጣት። ፖሊስ እየፈለጋት እንደሆነም አስነገረባት። እዚህ የኤርፖርት ታክሲ የሚነዳው ታላቅ ወንድሟ ኃይለ ማርያም ከስንት ልፋት በኋላ ወደ ዳላስ አመጣት። ለቅሶ አልተቀመጠችም። ሬሳ የለ፣ ምስክር የለ፣ የሞተበት ቀን የተጻፈበት ነገር የለ፤ ምን ብላ ፍትሐት ታስደርግ?

“ሌላው ሰው ጠዋት ሲነሣ ውዳሴ ማርያም ይደግማል” አለችኝ አንድ ቀን መብራት ይዞን ቆመን። “እኔ ደግሞ ካርሚኔን ሳላገኘው አትግደለኝ እላለሁ። ሌላ ጸሎት ጠፍቶብኛል፣ ሰብሌ።”

ቀልድ መስሎኝ ፊቷን አየሁት። አልነበረም።

በ1996 መስከረም ላይ አለቃችን ሚስተር ዶይል ወደምንበይድበት የሥራ መስመር ድረስ መጣና፣ ጣሊያንኛ የሚችል ማነው ብሎ ጠየቀ። ከአውሮፓ ደንበኞች እየመጡ ነው፤ ከጣሊያንም ከግሪክም፤ በሁለተኛው ዙር የኢንተርሬግ ገንዘብ በሁለቱም ዳርቻ አዲስ የባሕር ራዲዮ ሊተክሉ ነው። ግሪኩ እንግሊዝኛ ይችላል። ጣሊያኑ ግን ከገዛ ቋንቋው በቀር አይሰማም። ሮማን እጇን አወጣች። ሚስተር ዶይል የእንግዶቹን ስም ሲያነብላት አጠገቧ ነበርኩ። የያዘችውን መበየጃ ቀስ ብላ ማስቀመጫው ላይ አስቀመጠችው፤ ከዚያ፣ “ኖ ፕሮብለም” አለች።

ወደ ቤት ስንመለስ ሬዲዮ አልከፈተችም። ወደ ስኪልማን መንገድ ስንወርድ ነው የተናገረችው።

“እሱ ነው።”

“ማን?”

“ካርሚኔ። በእግሩ ነው የመጣልኝ።”

የዚያን ዕለት ማታ ኃይለ ማርያም ቤት እራት ተጠርተን ነበር። ኃይለ ማርያም ቅዳሴ የማያስታጉል፣ ነገር የማይወድ ሰው ነው። ነገሩን ሲሰማ ጉርሻውን መልሶ አስቀመጠ።

“እህቴ፣ በቀል የእኔ ነው ይላል እግዚአብሔር። ለዚህ ሰውዬ ደግሞ ሌላ ሰው ያስተርጉምለት። አሞኛል፣ ሲክ ነኝ ብለሽ ኮል አድርጊና ቤትሽ ዋይ።”

“ጋሼ፣ እግዚአብሔር የራሱን ከፈለገ እዚያው አገሩ ላይ አያገኘውም ነበር?” አለችው። “ዳላስ ድረስ ያመጣው እኔ ዘንድ ነው። ስንት ከተማ እያለ፣ ስንት ኩባንያ እያለ! እኔ የምበይደውን ራዲዮ ሊገዛ ነው የመጣው። ይህን ትቼ ቤቴ ብውል ነው እግዚአብሔር የሚቆጣኝ።”

ወንድምዬው ያስቀመጠውን ጉርሻ አነሣ።

በመጀመሪያው ቀን ሱፍ ለብሳ፣ መነጽር አድርጋ፣ ጸጉሯን ወደ ኋላ አስይዛ ሄደች። ካርሚኔ አላወቃትም። ሆቴሉ ውስጥ የሚያውቃት ጎንበስ ስትል ነበርና ቀና ስትል ከየት ይወቃት? እጁን ዘርግቶ “ፒያቸሬ”፣ ደስ ብሎኛል አላት። ጨበጠችው።

“ጣሊያንኛዎ እንዴት ያምራል! የት ተማሩት ሲኞራ?”

“ሮም” አለችው።

ያን ቀን የሠራችውን ማታ መኪና ውስጥ እየሳቀች ነገረችኝ፤ ሳቋ ደስ አይልም። ካርሚኔ “በመስተንግዷችሁ እጅግ ተደስቻለሁ” ሲል፣ “መስተንግዷችሁ አይከፋም” ብላ አቀረበችው። የሚስተር ዶይልን ቀልድ ስትተረጉምለት ቀልዱን አውጥታ ጣለችና ደረቁን ሰጠችው፤ ካርሚኔ ሳይስቅ ሲቀር ሚስተር ዶይል ፊቱ ቀላ። ምሳ ላይ ስቴኩ ለስላሳ ነው ሲል፣ እሷ፣ “አገራችን እንዲህ ያለውን ለሕፃን ነው የምንሰጠው” አስባለችው። ቀኑ ሲያልቅ ሁለቱ ሰዎች እንዳልተዋደዱ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ለምን እንደሆነ ግን አንዳቸውም አያውቁም።

“ማለቴ፣ እንደ ዳቦ በእጄ ላይ ናቸው፤ እንዳሻኝ እቆርሳቸዋለሁ” አለችኝ።

“ታዲያ የልብሽ ደረሰ?”

ፎረስት ሌን መንገድ ላይ ስንደርስ፣ “አልደረሰም” አለች። “ይህ የልጅ ተንኮል ነው። ነገ እንደ ባለጌ ተቆጥሮ አገሩ ይገባል፤ ሆቴሉ አለ፣ ሊቀመንበርነቱ አለ፣ ልጁ አለች። ፀጋዬ ግን የትም የለም። ሶ ምን አተረፍኩ?”

“ኦኬ፣ ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?”

“አላውቅም። ግን ካሁን በኋላ አንድ ቃል አላጣምምም። ካርሚኔን የሚያጠፋው ካለ ራሱ ካርሚኔ ነው።”

በሁለተኛው ቀን የራዲዮው ሙከራ ነበር። ዋናው ራዲዮ ስብሰባ አዳራሹ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። እኔን የእጅ ራዲዮ አስይዘው ወደ መኪና ማቆሚያው ጫፍ ላኩኝ፤ ሥራዬ ሲጠሩኝ አቤት ማለት ብቻ ነው። የመስከረም ፀሐይ ገና አልበረደም። ከአንድ ፒካፕ ጥላ ሥር ቆሜ ጆሮዬን ራዲዮው ላይ ለጠፍኩ። መጀመሪያ ሚስተር ዶይል ጠራኝ፤ አቤት አልኩ። ቀጥሎ ግሪኩ ጠራኝ። ስፒሮስ ይባላል፤ ጎርናና የሽማግሌ ድምፅ አለው። አቤት አልኩት። ከዚያ በኋላ ማይክሮፎኑን ሳያጠፋው ከጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው መሰለኝ፣ አዳራሹ ውስጥ የሚወራው ሁሉ ጆሮዬ ገባ። ቀጥሎ የሆነውን ሮማን ነግራኝ አይደለም፤ ራሴ ነኝ የሰማሁት።

ስፒሮስ በእንግሊዝኛ ቀስ እያለ መናገር ጀመረ።

“ከመፈረሜ በፊት የምጠይቀው አለኝ” አለ። “የዛሬ ሦስት ዓመት የካቲት ላይ በደሴታችን ራዲዮ ተረኛ እኔ ነበርኩ። ከማዕበሉ ውስጥ የአንድ ሰው ድምፅ መጣ። በእንግሊዝኛ ነው የሚናገረው፤ ጣሊያን አይደለም። ግን ባሕርተኛ ነው፤ ሳይጮህ፣ ሳይቸኩል፣ ያሉበትን ቦታ ደጋግሞ ሰጠኝ። ሦስት ነን አለኝ። ለሲኞር ካርሚኔ ማኅበር ደወልኩ፤ ጀልባዋ ወጥታለች አሉኝ። ለሰውየው አይዞህ፣ እየመጡ ነው አልኩት። አመሰገነኝ። እስኪጠፋ ድረስ ሳወራው ነበር። ኋላ ሁለት ሞቱ ተባለ። ሦስተኛውስ ብል፣ ነፋስ ነው፣ ተሳስተህ ሰምተህ ነው አሉኝ። ጀልባዋም ሞተሯ ተበላሽቶ ነበር አሉኝ። እስከ ዛሬ አልገባኝም። ይህን ጠይቂልኝ።”

ሮማን ስፒሮስ የነገራትን ድምፅ ታውቀዋለች። ያ የማይጮህ፣ ያ የማይቸኩል ድምፅ ለሌላ ሰው አይሆንም። እሷ ግን ጣሊያንኛውን ጀመረች፤ ስፒሮስ ያለውን አንድም ሳታስቀር፣ በዚያ በሚያስፈራው በረጋ ድምፅ፣ እስከ መጨረሻው ተናገረች።

ካርሚኔ የሆነ ነገር አለ። ሮማን ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው፦ “ሲኞር ካርሚኔ የሚሉት፣ ጉዳዩ አሳዛኝ ነው፤ ግን ተጣርቶ ተዘግቷል። በጀልባዋ ላይ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ነፍስ አድኗም ሞተሯ ተበላሽቶ ነበር።”

ከዚያም ትንፋሽ ሳትወስድ፣ “የሚቀጥለው የእኔ ነው” አለች በእንግሊዝኛ። “ሦስተኛው ሰው ባሌ ነበር። ፀጋዬ ይባላል። የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ራዲዮ ኦፕሬተር ነበር። እኔ የሲኞር ካርሚኔ ሆቴል ክፍል አጽጂ ነበርኩ። የዚያን ዕለት የነፍስ አድኗ ሞተር ደህና ነበር፤ ለልጃቸው ቀለበት እንግዳ ስታመላልስ ዋለች። የጠረጴዛ ልብሱን ተኩሼ የጫንኩባት እኔ ነኝ።”

ወዲያው ያንኑ በጣሊያንኛ ደገመችለት። አንድ ቃል እንዳያመልጠው ቀስ ብላ ነበር የምትናገረው።

ወንበር ሲወድቅ ሰማሁ። ካርሚኔ ይጮሃል። ሮማን ደግሞ እሱ ትንፋሽ በወሰደ ቁጥር ሥራዋን ትሠራለች፦

“ይህች ሴት እብድ ናት እያሉ ነው።”

“ከየት አመጣችሁብኝ፣ ማን ላካት ነው የሚሉት።”

“አሁን ወደ እኔ ነው የሚናገሩት። አንቺ ያቺ የሦስተኛው ፎቅ አጽጂ ነሽ፣ አስታወስኩሽ፣ አሉኝ።”

ስፒሮስ ጠረጴዛውን መታ። “ጀልባዋ የት ነበረች? እሱን ጠይቂው!” አለ። ጠየቀችው። ካርሚኔ በቁጣ እየተንተባተበ ረጅም ነገር ተናገረ። ሮማን እስኪጨርስ ጠበቀችው። ከዚያ የሰጠችውን ትርጉም እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፦

“የሚሉት እንዲህ ነው። አንድ ጀልባ በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ ልትሆን አትችልም። ልጄ ያለችኝ አንድ ናት፤ በዓሉ አንድ ቀን ብቻ ነበር፤ ነፋስ እንደሚነሣ በምን አውቃለሁ? ሰውየውንስ እንዴት አድርጌ ላስመዝግበው? በሕገ ወጥ ነበር የሚሠራልኝ፤ ባስመዘግበው ታስሬ ነበር።”

ከዚያ ሮማን በጣሊያንኛ ለካርሚኔ አንድ አጭር ነገር አለችው። ኋላ ምን እንዳልሽው ንገሪኝ ብላት፣ “ያልከውን ሁሉ እንዳለ ተርጉሜልሃለሁ፣ አልኩት” አለችኝ። ሰውየው በገዛ አፉ ራሱን እንዳጋለጠ የገባው ያኔ ነው። ድምፁ እንደ ውሻ ጩኸት ሆነ፤ አይደለም፣ እንደሱ አላልኩም፣ ተሳስታ ነው የተረጎመችው ይላል። ሮማን ያንንም ተረጎመችው። ስፒሮስ ግን፣ “ጎረቤቶች እኮ ነን፤ ጣሊያንኛ መናገር ባልችልም ‘የልጄ በዓል’ ሲባል እሰማለሁ” አለ።

ሚስተር ዶይል ማይክሮፎኑን ያየው ያኔ መሆን አለበት፤ ራዲዮዬ ጸጥ አለ።

ስፒሮስ አልፈረመም። የሁለቱ ዳርቻ ፊርማ ከሌለ ደግሞ ገንዘቡ አይወጣምና ነገሩ እዚያው ቆመ። ሊወጣ ሲል ሮማንን መኪና ማቆሚያው ውስጥ አገኛት፤ እኔም ከራዲዮዬ ጋር አጠገባቸው ነበርኩ። ባርኔጣውን አወለቀ።

“ከሳምንታት በኋላ በደሴታችን ዳርቻ አንድ ሬሳ ወጣ” አላት። “ጥቁር ሰው ነው። ቀበርነው። ቤተ ክርስቲያናችን ኦርቶዶክስ ነው፤ ቄሱ ስሙን ስላላወቁ ‘ባሪያህ’ ብቻ እያሉ ጸለዩለት። መስቀል አለው። እኔ ነኝ ያቆምኩት።”

ሮማን እሱን እያየች ቆመች። ካርሚኔ ፊት ያልተንቀሳቀሰችው ሴት አስፋልቱ ላይ ቁጭ አለች። ሽማግሌውም እንደ ምንም ብሎ አጠገቧ ተቀመጠ። ለረጅም ጊዜ አለቀሰች። የሦስት ዓመት ለቅሶ ነው፤ ማንም አልቸኮለባትም።

ያን ሳምንት ኩባንያው አባረራት። ደንበኛ አሳጣሽን አሏት፤ አልተከራከረችም፤ እውነትም አሳጥታቸዋለች። እኔም በእጅ ራዲዮ ሰምተሻል ተብዬ ተጠየቅሁ፤ አዎ፣ ሁሉን ሰምቻለሁ፣ የትም ቦታ እመሰክራለሁ ብዬ ወጣሁ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ እኔን አላባረሩኝም።

ስፒሮስ አገሩ ሲገባ ገንዘቡን ለሚቆጣጠሩት አመለከተ። ከጣሊያን በኩል አቃቤ ሕግ ተነሣ። ሮማን ምስክርነቷን በቆንስላ በኩል ሰጠች። በዓመቱ ካርሚኔ ከሊቀመንበርነቱ ወረደ፣ ክስ ተመሠረተበት፤ ፍርድ ቤቱም በካርሚኔ ጥፋት ላይ ከመፍረዱ በፊት፣ በዚያች ጀልባ የሞቱት ሦስት ናቸው፣ ሦስተኛው ፀጋዬ ይባላል ብሎ ወሰነ። ውሳኔው በመጣ በሳምንቱ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ፍትሐት ተደረገለት። ሮማን ጥቁር የለበሰችው ያን ቀን ነው። በዚያው በጋም ወደ ደሴቲቱ ሄዳ መቃብሩን አየች። ስለ መቃብሩ ግን መኪና ውስጥም ቤትም ነግራኝ አታውቅም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ታሪኩን ማሳመር ይሆንብኛል። የአዲሱ ራዲዮ ግዢ በቆመበት ሁለት ክረምት የሁለቱ ዳርቻ ዓሣ አጥማጆች በአሮጌው ሲሠሩ ነበር። ኃይለ ማርያም ይህን ሲሰማ፣ “በዚያ መሃል ሰው ቢሰጥምስ?” አላት። “ቢሰጥም ኖሮ” አለች፣ “አንገቴን ደፍቼ እኖር ነበር። ለካርሚኔ እጅ ከመስጠት ግን አሁንም አንገት መድፋቱን እመርጣለሁ።” ማንም አልሰጠመም። ስፒሮስ ከአዲሱ የጣሊያን ወገን ሊቀመንበር ጋር ፈረመና ራዲዮው ተተከለ፤ ከሌላ ኩባንያ ነው የገዙት።

በ1998 የጸደይ ወራት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ እሷ ቤት ልብስ ስናጣጥፍ ስልኩ ጮኸ። ሮማን አነሣችና አዳመጠች። ከዚያ እጇን መቀበያው ላይ አድርጋ፣ “ካርሚኔ ነው” አለችኝ። ፍርዱ እየቀረበ ነበር። እርግጠኛ አይደለሁም የሚል አንድ ቃል ብትሰጥለት ቅጣቱ ይቀላል፤ ሆቴሉ ተሸጧል፣ ልብ ሕመም ይዞታል፣ ልጁ አታናግረውም። “አንቺ” አይላትም አሁን፤ “እርስዎ” ነው የሚለው።

ስልኩን አልዘጋችበትም። መቀበያውን ጠረጴዛው ላይ በጀርባው አስተኛችውና ወደ ልብሷ ተመለሰች። ትንሽ ድምፅ ከውስጥ ይመጣል፤ ይለምናል፣ ያለቅሳል፣ እንደገና ይለምናል። እሷ ካልሲ ታገናኛለች። ፎጣ አራት ቦታ ታጥፋለች። እኔ አላስቻለኝም።

“ሮማን፣ በማርያም ዝጊው” አልኳት።

“ለምን? ይናገር። የሚሰማው ሲያጣ እንዴት እንደሆነ ይወቀው።”

ቅርጫቱ ባዶ እስኪሆን ድረስ አልነካችውም። ድምፁ ራሱ ሰልችቶት ቆመ። ያኔ መቀበያውን አንሥታ ቦታው መለሰችው።

ካርሚኔ ተፈረደበት፤ ዕድሜው ስለገፋ እስሩን በቤቱ እንዲፈጽም ተደረገ። ይህን ስትሰማ ተናደደች፤ ቤት ምኑ እስር ነው ብላ። ግን አገሬው ሰው ሰላምታ እንደነሣው ስፒሮስ ሲነግራት ደስ አላት፤ ደስታዋን አልደበቀችም። ከዳላስ ወጣ ብላ ባለችው ሌዊስቪል አንድ ትልቅ መጋዘን ውስጥ የማታ ሺፍት ኃላፊ ሆና ተቀጥራ ነበር፤ ዳንስ አይወጣላትም፤ ያን ቀን ግን ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍቶቹ መሃል ደንሻለሁ ብላ ምላ ነገረችኝ።

ኃይለ ማርያም ግን አልተዋትም። በሚቀጥለው ፋሲካ ቤቱ ተሰብስበን፣ ዶሮው ከቀረበ በኋላ፣ ቀስ ብሎ፣ “እሺ እህቴ፣ አሁንስ ይቅር አልሽው?” አላት።

“አላልኩትም።”

“ልብሽ ታዲያ ዐረፈ?”

እጇን ከትሪው ላይ ሳታነሣ አሰበች። “አላረፈም ጋሼ” አለች። “እንቅልፍ ግን ይወስደኛል። እንቁላሉን ወዲህ በለው።”